ከሚዛን በላይ

ፀሐይወርቅን ባየሁ ቁጥር ምራቄ ይመራል። ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ልጆቻችን አብረው ነው ያደጉት። ቢሆንም ይመራል። ምክንያቱን ስሙኝና ከፈለጋችሁ እኔኑ ክፉ ናት በሉኝ።

ባሌ ኑርሑሴን ሐይቁ ዳር፣ ከታንኳ ማረፊያው አለፍ ብሎ ሱቅ ነበረው። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ ይሸጣል። ከዘጌ በታንኳ እንጨት ጭነው የሚመጡት ሰዎች እንጨታቸውን ሸጠው ሲመለሱ መጀመሪያ የሚገቡት እሱ ዘንድ ነበር፤ የሰፈሩም ሴቶች እንደዚሁ። አጠገቡ ሌላ ሱቅ አለ፤ ሸቀጡም ዋጋውም አንድ ነው። ሰው ግን ያንን እያለፈ ወደ እኛ ይመጣል። ለምን? ለምርቃቱ ነዋ! ኑርሑሴን ስኳሩን መዝኖ፣ ሚዛኑ እኩል ከሆነ በኋላ፣ በማንኪያ ዛቅ አድርጎ ጣል ያደርግበታል። እኛ አገር የማይመርቅ ነጋዴ ሁለተኛ ደጁ አይረገጥም። ሴቶቹም ይህን ስለሚያውቁ መያዣቸውን ቶሎ አይሰበስቡም፤ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ከሁሉም ከሁሉም ፀሐይወርቅ!

«ኧረ ጋሽ ኑርሑሴን፣ ጣል ያድርጉበት እንጂ! እጅዎ ታሰረ እንዴ?» ትለዋለች። ከት ብሎ ይስቅና ይደግምላታል።

እኔ እቆጣ ነበር። «ይኸ ሁሉ ጭማሪ ከየት ይመጣል?» ስለው፣

«ስሚ ዘይነት፣ ሰው መዝነሽ የሰጠሽውን ከፍሎበታል፤ ይረሳዋል። ነገ የሚመልሰው ምርቃቱ ነው። ንግድ ማለት ሰውየው ነገም እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ሌላው ዕቃ ማቀበል ነው» ይለኝ ነበር።

አብዮቱ መጣ፤ ስኳር ጠፋ። በየሳምንቱ በውይይት ክበብ እየተሰበሰብን ነጋዴ ማለት መዥገር መሆኑን ተማርን። አስተማሪያችን የቀበሌያችን ሊቀመንበር አዘዘ ነው። ሚስቱ ሸዋዬ የኑርሑሴን ደንበኛ ናት፤ ሳይመረቅላት ወጥታ አታውቅም። አዘዘ ሻዩን የሚያጣፍጠው በመዥገሩ ስኳር መሆኑን ማን ይንገረው!

ያን ጊዜ ስኳር ለባለሱቅ የሚደርሰው ከመንግሥት ማከፋፈያ በኮታ ነበር። አንድ ቀን ተቆጣጣሪዎች መጡና የመጣውን ከተሸጠው ጋር ሲያስተያዩት ጎደለ። እንዴት አይጎድል! በየቤቱ ተመርቆ የለ እንዴ? እነሱ ግን ደብቀህ በውድ ሸጠኸዋል አሉት። ስሙንም «የኢኮኖሚ አሻጥር» አሉት። በዚያ ዘመን ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው ወደ ቤቱ መመለሱ ያጠራጥር ነበር።

ሕዝቡ እንዲፈርድ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አዘዘ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «የሕዝቡን ስኳር ለማን ሸጥኸው?» አለ።

«አልሸጥሁትም። መረቅሁት» አለ ኑርሑሴን።

ሳቁ! ትናንት የተመረቀለት ሁሉ ጥርሱን አውጥቶ ሳቀ።

«እሺ፣ ከልኩ በላይ ስኳር የተቀበለ ካለ እጁን ያውጣ» አለ አዘዘ።

አንድ እጅ ቢወጣ ባሌ ይድን ነበር። ዞሬ አየሁ። እነዚያ ዘርግተው የሚጠብቁ እጆች ሁሉ ነጠላ ውስጥ ገብተዋል። ሸዋዬ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አዘዘ ከፊት ወደተቀመጠችው ፀሐይወርቅ ዞሮ፣ «አንቺ የሱቁ ደንበኛ ነሽ፤ እስቲ ተናገሪ» አላት። ብድግ ስትል ልቤ አብሯት ተነሣ።

«እኔ ልኩን ከፍዬ ልኩን ነው የወሰድሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለኝም» ብላ ተቀመጠች።

ደሜ ፈላ። «ውሸታም!» ብዬ ተነሣሁ። «አንድ በአንድ በስማችሁ ልጥራችሁ?»

ኑርሑሴን ዞሮ አየኝ። «ተይ ዘይነት፣ ተቀመጪ። ስማቸውን ከጠራሽ ተባባሪ ብለው ይወስዷቸዋል። እነሱም ልጅ አላቸው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ተቀመጥሁ። እሱን ይዘውት ሄዱ።

ሱቁን ቀበሌው ወርሶ የኅብረት ሱቅ አደረገው። ሚዛኑ ያው የባሌ ሚዛን ነው። ሻጩ አገኘሁ የሚባል የአዘዘ የእህት ልጅ ሆነ። ስኳሩን ማንኪያው ላይ በጣቱ ጠርጎ ያስተካክላል፤ ሚዛኑ ትንሽ ካጋደለ መልሶ ይዘግናል። በጓሮ በር ግን ስኳሩ ከነጆንያው ይወጣል፤ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። እነዚያው ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሲያዩ በጆንያ ጎደለ። ምን አሉት መሰላችሁ? «ብክነት»። ከሐይቁ የሚመጣ እርጥበትና አይጥ ነው ተባለ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ይህን ስሰማ ስኳሬን ሳልወስድ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ኑርሑሴን ክረምቱ ወጥቶ፣ መስከረም ላይ ተፈታ። ፀጉሩ ሸብቶ ገባ። ሱቅ የለው፣ ፈቃድ የለው፤ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። አንድ ቀን ፀሐይወርቅ መጣች። ከሰልፍ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳሯን ይዛለች። «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» አለችው። ስለዚያች ቀን አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ጋዜጣውን ፊቱ ዘረጋችው።

«ይዩት እስቲ ጋሽ ኑርሑሴን፣ ይኸም ስኳር ተብሎ! ያ ልጅ እኮ ምርቃት የሚባል ነገር አያውቅም። እንደ እርስዎ ያለ ነጋዴ ከየት ይምጣ!»

ዓይኔ ዘነዘናው ላይ አረፈ። አላህ ያውቃል ምን እንዳሰብሁ።

«ዘይነት፣ እስቲ ስኳራችንን አምጪው» አለ ኑርሑሴን።

ስኳራችን ማለት ለልጆቹ ሻይ ያስቀመጥኋት፣ ጣሳ ሥር የቀረች ናት። «አላመጣም» አልሁ። ራሱ ተነሥቶ አመጣው። አንድ ማንኪያ ሞልቶ ጋዜጣዋ ላይ ገለበጠላት። ታፍራለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢያንስ «ኧረ ይተዉት» ትላለች ብዬ።

ፀሐይወርቅ ጋዜጣዋን አልጠቀለለችም። እንደ ድሮው ዘርግታ፣ ማንኪያ ማንኪያውን እያየች ትጠብቃለች።

ኑርሑሴን ማንኪያውን እንደገና ጣሳው ውስጥ ከተተ።