የዙሌይካ ቤት ጉጉት

ዙሌይካ ጉጉቷን አላባርርም ካለች አላባርርም ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሟርተኛ ወፍ ጣሪያሽ ሥር አስቀምጠሽ ልጅሽን ማን ሊያገባልሽ ነው እያለ ቢነዘንዛት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ድርቁ ባለፈ ማግስት ገበሬ ማኅበሩ ያደላትን የማሽላ ዘር አይጥ ሳይነካው ለእርሻ ያደረሰችው በማን ሆነና!

ወፊቱም ብትሆን ለክፉ የምትሰጥ አልነበረችም። ነጭ ፊቷ ግንባሯ ላይ ሰርጎድ ብሎ ወደ መንቆሯ ይሾላል፤ ጀርባዋ ወርቅማ ነው። ቀን ከጎተራው በላይ ያለው ወራጅ ላይ ተኝታ ትውላለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኮሽ ሳትል ወጥታ ቃርሚያውን ታስሳለች። አይጡን እንዳለ ትውጠውና ፀጉሩንና አጥንቱን ጠቅልላ ትተፋዋለች። ድምፅዋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያምርም።

ሽማግሌዎች የዙሌይካን ልጅ ስህንን ለኢስሃቅ ሊጠይቁ ወደ አምባሰል የወጡት ወፊቱ ጫጩት በፈለፈለችበት ሰሞን፣ አመሻሹ ላይ ነበር። መሪያቸው የኢስሃቅ አጎት፣ የሐይቁ አያ ዘይኑልአቢዲን ናቸው፤ ቀበሮ መንገድ አቋረጠችኝ ብለው ከውጫሌ ገበያ የተመለሱ ሰው። ስህን ኢስሃቅን ትወደዋለች። ዙሌይካም ይህን ታውቃለች።

ዱዓው አልቆ ነገር ሊጀመር ሲል ጫጩቶቹ እንደ ተቆጣ እባብ ያፏጩ ጀመር። እናታቸውም ከውጭ ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ጩኸት ለቀቀች። አያ ዘይኑልአቢዲን ከዘራቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

«ጉጉት ካለበት ቤት ሙሽራ አልወስድም።»

«ወላሂ፣ ጉጉት የሌለበት ሰርግ አይቼ አላውቅም» አለች ዙሌይካ ረጋ ብላ። «የኢስሃቅ ጉጉት አይደል እርስዎንስ ይህን ሁሉ ዳገት ያስወጣዎት?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። ወሎ ላይ በቃል የተረታ ሰው አኩርፎ አይወጣም፤ አያ ዘይኑልአቢዲንም ለመሄድ አፍረው፣ ለመቀመጥ ኮርተው ቆመው ቀሩ። በዚህ መሀል ወፊቱ አይጥ በጥፍሯ ይዛ በጣሪያው ክፍተት ገባች። ክንፏ ጥምጥማቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። የእሳቸውን የማሽላ ዘር በዚያው በድርቁ ማግስት አይጥ እንደጨረሰው የማያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም። ጫጩቶቹ ጎርሰው ዝም እስኪሉ በዓይናቸው ሲከታተሉ ቆዩና ተቀመጡ።

የኒካሁ ቀን ተቆረጠ። ሊወጡ ሲሉ አያ ዘይኑልአቢዲን ደጃፉ ላይ ወደ ዙሌይካ ጠጋ አሉ።

«ሙሽራዋ ስትመጣ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጉጉቷን ይዛ ትምጣ።»

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»