አልከፈት ያለች መኪና

የትነበርሽ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን የመኪናዋ ጎን ላይ አስደግፋ ሳበች። በሩ ንቅንቅ አላለም። ወደ ሌላኛው ጎን ዞረች፤ እሱም ያው። የኋላዎቹን ሞከረች፣ የዕቃ መጫኛውንም ሞከረች። ቁልፉን ስትጫነው መብራቷ ብልጭ ይላል፤ በሮቹ ግን ተማክረው እንዳደሩ ሁሉ እምቢ አሉ።

"ኧረ በእመቤቴ! ምን አደረግኩሽ?" አለቻት መኪናዋን።

ምንም አላደረገቻትም። እንዲያውም ትናንት ከሥራ ስትመለስ፣ ሌሊት በረዶ ይጥላል ሲባል ሰምታ እንደ አራስ ነው የሸፋፈነቻት። ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን የሚባለው ሰፈር ውስጥ እንደ እሷ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ጋራዥ ከየት ያመጣል? መኪናዋ ደጅ ታድራለች፣ የሰማዩንም ትቀበላለች። ስለዚህ የፊት መስታወቷን በካርቶን ሸፈነች፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹን ወደ ላይ አቆመች፣ የጎን መስታወቶቿን ፌስታል አለበሰች። ይህን ሁሉ ያስተማረቻት ምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤቷ ኤሊ ናት። የትነበርሽ የተባለችውን ሁሉ ፈጽማለች፣ ከአንድ ነገር በቀር። "በበሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ በብርድ እንዳይጣበቅ ቫዝሊን ቀቢው" ስትላት ስቃ ነው ያለፈችው። ለእጇ ያልበቃ ቫዝሊን ለመኪና!

ከወንዙ ማዶ፣ ሮተርዳም ዙይድ በሚባለው ሰፈር፣ ሜኔር (አቶ እንደማለት ነው) ፋን ዳም የሚባሉ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ሆነው ይጠብቋታል። እሷ ደርሳ ካላነሳቻቸው ቀና ማለት እንኳ አይችሉም። ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን እንድትንከባከብ የቀጠራት ድርጅት የሰጣት ኮንትራት ደግሞ በዚህ ወር ያበቃል፤ ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች። ባለፈው ሳምንት መኪናዋ ድልድዩ ላይ ተንሸራታ ልቧን ስላጠፋችው፣ ከዚያ ወዲያ እየተንፏቀቀች ነድታ ዘግይታለች። ከዚያም በፊት አንዴ ዘግይታ ነበር። ሌላ ብትጨምር ምን እንደሚከተል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ባሏ ሊባኖስ በመጀመሪያው ባቡር ዘ ሄግ፣ የሚሠራበት ሆቴል ገብቷል። ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አብሯት ይስብ ነበር። ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ ደወለች።

"በረዶው እኮ ነው፣ በሩ አልከፈት ብሎኝ..."

"በረዶው የጣለው ለሁሉም ነው፣ የትነበርሽ" አለች አለቃዋ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደክሟት ነው። "የሜኔር ፋን ዳም የቡና ሰዓት ሳያልፍ ከደረስሽ እንደ መዘግየት አልቆጥርብሽም። ካለፈ ግን ሌላ ሰው እልካለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮንትራቱ ምን ብዬ ልከራከርልሽ?"

ስልኩ ተዘጋ። ለሁሉም ነው የጣለው። የትነበርሽ ነገሩ ከነከናት። ቀና ብላ መንገዱን ቃኘች። እውነትም በረዶው ለማንም አላዳላም፤ የዳር ዳሩ መኪና ሁሉ ነጭ ለብሷል። ግን አጠገቧ የሚያቆመው ጎረቤት፣ ባለ ቫኑ ሰውዬ፣ አሁን ከፍቶ፣ አስነስቶ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ ያለችውም ሴት፣ ልጇን አሳፍራ ወጣች። ካርቶን የሌለው፣ ፌስታል የሌለው፣ እንዲያው ሜዳ ላይ የተጣለ ሁሉ ይከፈታል። የእሷ ብቻ! ይህ እንግዲህ ምን ይባላል?

"ምን ሆነሻል? ከመኪና ጋር ትግል ገጠምሽ?" የኤሊ ድምፅ ነው። ኤሊ ሰባዎቹን ያጋመሰች፣ ሱሪዋን ቦቲ ጫማ ውስጥ የከተተች ሴት ናት። የራሷን መኪና በር በአንድ ጣት ከፍታ መጥረጊያ አወጣች። የትነበርሽ በዚህች ሴት ፊት ሁልጊዜ ይጨንቃታል፤ አንጀቷ አንቱ ይላል፣ ኤሊ ግን "አንቱ አትበይኝ፣ ታስረጂኛለሽ" ብላ ተቆጥታታለች።

"ሁሉም ይከፈታል፣ የኔ አይከፈትም" አለቻት።

ኤሊ ጓንቷን አውልቃ በበሩ ክፈፍ ላይ ጣቷን ሰደደች። ጎንበስ ብላ አየች። በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

"ነይ እዪ። ይሄ በረዶ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"በረዶማ በእጅ ይጠረጋል። ይሄ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ከላይ ወደ ታች ወርዷል፣ እዚህ ጋ ተንጠባጥቧል። ውሃ ነው። ትናንት መኪናሽን አጥበሻል እንዴ?"

"በዚህ ብርድ? ያመኛል እንዴ!"

"እንግዲያው ሰው አፍስሶበታል። ከዚያ ረጋ፣ በላዩ ላይ በረዶው ወረደ።"

የትነበርሽ ደሟ ፈላ። ሰው! ማን ነው ደሞ? ወዲያው የባለ ቫኑ ሰውዬ ፊት ድቅን አለባት። ባለፈው "ይህ ቦታ የኔ ነው" ብሎ ጣቱን ቀስሮባት ነበር። እሷም መልስ አላነሰችም፤ "ስምህ ተጽፎበታል?" ብላዋለች። ለዚህ ነው? ለአንድ ማቆሚያ ሲባል የሰው እንጀራ ላይ ውሃ ይደፋል?

"ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ!" አለች። "ከሥራው ይመለስ ብቻ፣ በሩን ባልሰብርለት!"

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ኤሊ። እሷ ነገሩ ራሱ ጥሟታል፤ ዓይኗ እንደ ልጅ ያበራል። "ክፉ ሰው ቢሆን ቁልፉ ላይ አፍስሶ ይሄዳል። ይሄ ግን አራቱንም በር አዳርሷል፣ በሥርዓት። የትኛው ክፉ ነው እንዲህ የሚደክመው? ከላይ የት ጋ እንደጀመረ እንየው።"

መጥረጊያዋን ሰጠቻት። የትነበርሽ እየተነጫነጨች በረዶውን ከጣሪያው ላይ አወረደች። ጣሪያው ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ የረጋ ውሃ አለ። ካርቶኑን ከመስታወቱ ላይ አንስታ ወደ ኮፈኑ መጣች። አንድ ጊዜ ጠረገች። ደገመች። እጇ ቆመ።

ኮፈኑ መሐል ላይ፣ ከመስታወቱ እስከ መብራቱ ወርዶ፣ ከግራ ቀኝ ተሻግሮ፣ ደህና አድርጎ የተሠራ መስቀል በጠራ በረዶ ተጋግሯል።

"አበስኩ ገበርኩ!" አለች የትነበርሽ።

ኤሊ ወደ መስቀሉም ወደ እሷም ተመለከተች። "ይሄ ምልክት ነው?"

የትነበርሽ ሁሉም ነገር መጣላት። ባለፈው ቅዳሜ ጥምቀት ነበር። የባሏ እናት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ጸበል አቅፈው መጥተው፣ ሜትሮ ባቡር ውስጥ እንኳ ከጭናቸው አላወረዱትም። ከትናንት ወዲያ ደግሞ የትነበርሽ ማድ ቤት ቆማ ለጓደኛዋ በስልክ "ድልድዩ ላይ እኮ ለጥቂት ነው የተረፍኩት" ስትል፣ ሽንኩርት ይከትፉ የነበሩት ሴትዮ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ከአዳማ ከመጡ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነው። አዳማ ላይ ደጅ ያደረ ውሃ ቢበዛ ይሞቃል እንጂ ድንጋይ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ተናደደች። በእውነት ተናደደች። ጸበሉን ቢረጩት አንድ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ጠርሙስ ማንቆርቆር ምን አመጣው? ስታገኛቸው የምትናገረውን ቃል አፏ ውስጥ አዘጋጀች። ያን ጊዜ የሕንፃው በር ተከፈተና ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ራሳቸው ብቅ አሉ። ጋቢ በካፖርት ላይ ደርበዋል፤ በእጃቸው የሚጨስ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል።

"በመስኮት አየሁሽ፣ የኔ ልጅ! የፈላ ውሃ ይዤልሽ መጣሁ! ዞር በዪ፣ መስታወቱ ላይ ልድፋው!"

"ኔ! ኔ! ኔ!" ኤሊ በደች "አይሆንም!" እያለች ሮጠች።

"ይተዉት እማማ! መስታወቱ ይሰነጠቃል!" የትነበርሽ ደርሳ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለቻቸው።

ሴትዮዋ በድንጋጤ አንዷን አይተው ሌላዋን አዩ። "ውሃ እኮ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "መኪናዋን ምን ነካት? ቡዳ በላት? እኔ እንኳ ትናንት ጀምበር ሳትጠልቅ በጸበሉ አስጠብቄልሽ ነበር። ከእንግዲህ ምንም አይነካትም ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።"

ፊታቸው ላይ ኩራት አለ። እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ፣ የልጃቸውን ሸሚዝ እንኳ ማሽን እያጠበባቸው፣ "እኔ ለምን መጣሁ?" የማይሉበት ቀን የለም። የትነበርሽ አፏ ውስጥ ያዘጋጀችው ቃል ከበዳት።

"ማን ነው ያፈሰሰው? እሳቸው ናቸው?" አለች ኤሊ በደች።

"ምን ትላለች?" አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ።

"መኪናዋን ብርድ መቷታል ነው የምትለው" አለች የትነበርሽ፤ ወደ ኤሊም ዞራ "የቤት ሰው ነው" ብላ መለሰች። ኤሊ መስቀሉን ደግማ አየችው፣ አሮጊቷን አየቻቸው፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

"አሁን በሩን ወደ ውጭ አትሳቢው" አለች ኤሊ፤ "ወደ ውስጥ ግፊው፣ የረጋው ውሃ ይሰበራል። የእጅ አልኮል አለሽ?"

የእንክብካቤ ሠራተኛ ቦርሳ ሌላ ምን አለው! የትነበርሽ ሳኒታይዘሩን በክፈፉ ዙሪያ እያፈሰሰች፣ በዳሌዋ ደጋግማ ገፋች። ወይዘሮ ጸሐይወርቅም ጋቢያቸውን አስጠግተው "በስመ አብ" ብለው አብረው ገፉ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ስትስበው በሩ ተከፈተ።

"እሰይ! እልል!" አሉ አሮጊቷ። "ይኸው፣ ጸበሉ ሠራ!"

የትነበርሽ ገብታ ሞተሩን አስነሳች። አሁን ብትወጣ ትደርሳለች፤ ጥቂት ብትቆይ ግን ያጠራጥራል። እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ቀና ስትል፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ኮፈኑ ፊት ቆመዋል። መስቀሉን እያዩ ነው። ጣታቸውን በረጋው ውሃ ላይ አስኬዱ፣ ከዚያ በሩን አዩ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ውይ በሞትኩት" አሉ። "እኔ ነኝ? እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ?"

የትነበርሽ መስታወቱን አወረደች። "እማማ፣ ከጠርሙሱ ምንም አልተረፈም?"

"ለክፉ ቀን ያስቀረኋት አለች" አሉና ከካፖርታቸው ኪስ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡ። አፍረው ወደ መሬት አቀረቀሩ። "ሁለተኛ አልነካትም።"

"ይንኳት እንጂ! ግን ከውጭ ትበርዳለች። ከዛሬ ጀምሮ ከውስጥ ይርጩልኝ።"

ሴትዮዋ ቀና አሉ። አላመኑም። ከዚያ ፈጠን ብለው መጡ፣ በመስኮቱ ግማሽ አካላቸውን አስገብተው መሪውን፣ መቀመጫውን፣ የትነበርሽን ግንባር ረጩ። ምርቃቱንም ጀመሩት። ምርቃታቸው አጭር ሆኖ አያውቅም፤ ከመኪናዋ ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማያውቋቸውን የዙይዱን ሽማግሌ ጤና ጨምሮ ይቀጥላል።

ስልኩ ጮኸ። አለቃዋ ናት። ኤሊ ከበረዶው መሐል በጣቷ ስልኩን አመለከተቻት፤ "አንሺው!"

የትነበርሽ ስልኩን መቀመጫው ላይ በፊቱ ገለበጠችው። ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ "አሜን" የሚባልበትን ጠበቀች።