ፓርላማ የገባው ጃንጥላ

ፓርላማ ውስጥ በእናንተ ስም የሚቀመጠውን ሰው ስም፣ ስልካችሁን ሳትነኩ፣ አሁን መናገር ትችላላችሁ? አትችሉም። የሚያናድደው ደግሞ አለመቻላችሁ ሳይሆን አለማፈራችሁ ነው። ከአምስት መቶ አርባ ሰባቱ ወንበሮች የድሬዳዋ ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለት! የሁለት ሰው ስም መያዝ ያቃተው ከተማ የእግር ኳስ ቡድኑን ተቀያሪዎች ግን አንድ ሳያስቀር በቃሉ ይዘረዝራል።

ፋርሂያ ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ውስጥ እየተሽከረከረች በሆዷ የምትሳደበው ይህንኑ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በከተማው አዳራሽ ውስጥ «ድሬዳዋ በፓርላማ» የሚል ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን የወከሉ ሰዎች ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰልፏል። የአባቷ የጦልሃ ሚክዳድ ፎቶ ግን የለም። ጦልሃ በ1965 ተመርጦ፣ ዓመት ከጥቂት ወር እንደተቀመጠ አብዮቱ ፓርላማውን ዘጋበት። መመረጡን የሚያሳየውን ወረቀት ደግሞ የ1998ቱ ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ሰፈሩ «ክቡር እንደራሴ!» እያለ ሲያሾፍበት ኖረ። ልጆቹም ሳይቀሩ የሚያምኑት በግማሽ ልብ ነበር፤ ከፋርሂያ በቀር።

የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ሰይፈ ሚካኤል በትህትና ነው የገደላት። «ወይዘሮ ፋርሂያ፣ እኔም ደንብ አለብኝ። የ65ቱ ዕጩዎች ዝርዝር እጄ ላይ አለ፤ ማን እንዳሸነፈ የተጻፈበት ገጽ ግን ጠፍቷል። አባትዎን የመረጡ ሁለት ሰዎች እስከ ስምንት ሰዓት ያምጡልኝ፤ ፎቶውን በገዛ እጄ እሰቅላለሁ። ካልመጡ ዝርዝሩ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ያለቀለት ነገር ነው።»

እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ዘጠኝ ሽማግሌ ጠየቀች። ዘጠኙም ጦልሃ የሚባል እንደራሴ ሰምተው እንደማያውቁ ማሉባት። አሥረኛው አው ሙመድ ነበሩ፤ ከቀፊራ ቅመም ነጋዴዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት።

«አው ሙመድ፣ በ65 ጦልሃን መርጠዋል?»

«የትኛውን ጦልሃ? የሻሂ ቤቱን? እሱን እንኳን ለፓርላማ ለስኳርም አላምነው።»

«የፓርላማውን ነው የምልዎት!»

«ወላሂ እንደሱ የሚባል አልመረጥንም። እኛ የመረጥነው ጃንጥላን ነው።»

ፋርሂያ ሙቀቱ ሽማግሌውን የመታቸው መሰላት። «ምን አሉኝ?»

«ጃንጥላን። ከሱ በፊት ግመል ነበር። ከግመል በፊት ፋኖስ። ፋኖስ ጎበዝ ነበር፤ ኋላ ወፈረ እንጂ።»

ያኔ ገባት። የምርጫ ምልክት! ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ከዕጩው ስም አጠገብ ያለውን ሥዕል እያየ መረጠ፤ ከመረጠ በኋላም ስሙን የጠየቀ አልነበረም። ዘጠኙም ሽማግሌዎች እውነታቸውን ነው የማሉት! ድሬዳዋ ለስንት ዓመት አዲስ አበባ የላከችው ሰው ሳይሆን ፋኖስ፣ ግመልና ጃንጥላ ነው።

«ሰው ላክን ብላችሁ ዕቃ ነው የላካችሁት!» ብላ ጮኸች።

ፊት ለፊት ሽርጥ የምትሸጠው አሮጊቷ ሳዶ ከጨርቋ መሃል አንገቷን አወጣች። «ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ያስጮህሻል? ዕቃ ይሻላል። ዕቃ አይዋሽም።»

«ኤዶ እናቴ፣ አንቺም ጃንጥላን ነው የመረጥሽው?»

«ታዲያስ! የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ዝናብ በሌለበት አገር ጃንጥላ ብሎ የመጣ ሰው ድፍረቱን ወደድኩለት። ደግሞ ይንተባተብ ነበር።»

ፋርሂያ አባቷን ለየችው። አባቷ «ፋ… ፋ…» ብሎ ስሟን ጠርቶ ሳይጨርስ እሷ ደርሳ አጠገቡ ትቆም ነበር።

«የሚንተባተብ ሰው ፓርላማ ላካችሁ?»

«ምላሰኞቹንማ አይተናቸዋል» አለች ሳዶ። «ይሄኛው ውሸት ጀምሮ እስኪጨርስ እንይዘዋለን ብለን ነው።»

አው ሙመድ ሳቃቸው ከሳል ጋር ተቀላቀለባቸው። «ከአዲስ አበባ ሲመለስስ? ከባቡር እንደወረደ እዚህ አምጥተን በቆሎ ጆንያ ላይ አቆምነው። ወግ ነበራ! የላክነው ሰው ሲመለስ ጆንያ ላይ ይቆማል፤ ገበያተኛው ይጠይቀዋል። ‹ምን ጠየቅህልን?› አልነው። ‹ስለ ውሃ ጠየቅሁ› አለ። ‹ታዲያስ?› ስንለው፣ ‹ግ… ግማሹን ነው የጠየቅሁት፤ ሰዓቱ አለቀብኝ› አይል መሰለሽ! ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ‹በል ተመለስና ሌላውን ግማሽ ጠይቅ› ብለን በማግስቱ ባቡር ሰደድነው። ጠይቆም መጣ።»

ፋርሂያ ሳቀች፤ አለቀሰች፤ ሰዓቷን አየች። ሰባት ሰዓት ተኩል! ሁለቱን አዛውንቶች እየጎተተች ባጃጅ ውስጥ አጨቀቻቸው። አው ሙመድ በርበሬያቸውን ለሌባ አልተውም ብለው ከነከረጢቱ ገቡ። በየመታጠፊያው አራቱም፣ ሾፌሩ ጭምር፣ በአንድነት አስነጠሱ።

«ወዴት ነው እንዲህ ጥድፊያው?» አለ ሾፌሩ ዓይኑን እየጠረገ።

«ድምፅ ልንሰጥ» አለች ሳዶ።

«አቦ፣ ምርጫ መቼ ደረሰ?»

«የ65ቱ ነው። አንተ ንዳ!»

ለስምንት አምስት ጉዳይ ሲሆን ሦስቱም እያስነጠሱ ሰይፈ ሚካኤል ፊት ቆሙ።

«ማንን ነው የመረጣችሁት?» አላቸው እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

«ጃንጥላን!» አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ።

ሰይፈ ሚካኤል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ እኔ የጠየቅሁት ሰው ነው።»

ፋርሂያ ጠረጴዛውን ደበደበች። «የዕጩዎቹን ዝርዝር ያውጡት! ያሸነፈው የተጻፈበት ገጽ ነው እንጂ የጠፋው፣ የዕጩዎቹ እጅዎ ላይ አለ። ምልክቱን ይዩት!»

አወጣው። የገረጣውን ወረቀት በጣቱ ወደ ታች ተከተለ፤ ቁልፍ፣ ዶሮ፣ መሰላል… ጣቱ ቆመ። «ጃንጥላ፤ ጦልሃ ሚክዳድ» ብሎ አነበበ። ከዚያ መዶሻና ምስማር ሊያመጣ ሮጠ። ፎቶው ሲሰቀል ሳዶ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የአዳራሹ ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ። የፋርሂያ አባት አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ አንድ ቃል ሊጀምር እንደሚታገል ሰው፣ ከግድግዳው ላይ ያያቸዋል።

ፋርሂያ የመጣችበትን አግኝታለች። መቀመጥ ትችል ነበር። ተቀመጠችም። ግን መድረኩ ላይ የዛሬው ተወካይ አቶ ከሪም ስለ «አንጸባራቂው የውክልና ታሪካችን» መናገር ጀመሩ፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ ምላሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልተያዘም።

አው ሙመድ ጎንተል አደረጓት። «ይሄኛውስ ምልክቱ ምንድን ነው?»

«ሰው ናቸው አው ሙመድ፣ ተወካያችን ናቸው!»

«እና ጆንያ ላይ ሳይቆም ነው የሚያወራው?»

ፋርሂያ ተነሳች። አስተናባሪው «ጥያቄ በጽሑፍ ነው» እያለ ሲከተላት ማይክራፎኑን ከመቆሚያው ነቅላ ያዘች።

«አቶ ከሪም፣ አባቴ ግማሽ ጥያቄ ጠይቆ በመጣ ጊዜ፣ ግማሽ ነው ብሎ ገበያ መሃል ቆሞ ተናግሯል። እርስዎ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በእኛ ስም ምን ጠየቁ? በደብዳቤ አልፈልግም፤ ቢሮ ነይም አይበሉኝ። እዚሁ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ አሁን ይመልሱልን!»