ሩስክን ማን ይያዛት?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንደ መምህርት ቡኬልዋ ላለ ሰው ነው። ሩስክ የምትባለውን ውሻ ወደ ትምህርት ቤቱ ያስመጣችው እሷ፤ ውሻዋ በግቢው በር ስትገባ ከመምህራን ክፍል አልወጣም ብላ የተቀመጠችውም እሷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ ፖርት ኤልሳቤጥ ከተማ ዳር ባለው በዚያ ሰፈር ወሮበሎች ከተታኮሱ ወዲህ፣ የአራተኛ ክፍል ልጆቿ በር በተጋጨ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ። አንድ ቀንማ ዳስተር ስለወደቀ ብቻ የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ሥር አለቀ። ቡኬልዋ የተጨነቁ ልጆችን የሚያጽናኑ ውሾች የሚያሠለጥን ማኅበር እንዳለ ሰማች፤ ደጅ ጠናች፣ ለመነች፣ ተፈቀደላት። ስትለምን ግን የውሻዋን ገመድ የሚይዘው ሌላ ሰው መስሏት ነበር።

ከማኅበሩ የመጣችው ሚስስ ክሪየል ነገሩን አላንዛዛችም። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ውሻዋን በየቀኑ ይይዛል፤ እስከ ዓርብ የሚይዛት ካልተገኘ ሌላ ትምህርት ቤት ወረፋ ይዟል፤ ይህን ብላ ሩስክን ትታላቸው ሄደች።

መምህራኑ ተያዩ። አንዷ የውሻ ጸጉር ያስነጥሰኛል አለች። ሌላው "እኛ ሰፈር ውሻ ደጅ ነው የሚውለው፣ ክፍል ገብቶ ሲማር አላየሁም" ብሎ ሳቀ። ሁሉም ታታ፣ አባባ እንደ ማለት፣ የሚሏቸው ርዕሰ መምህር ማቶሜላ ወደ ቡኬልዋ ዞሩ።

"ልጄ፣ ማታ ማታ እቤቴ ትደር፣ ግዴለም። ቀን ግን ያመጣት ሰው ይያዛት።"

"ታታ፣ እኔ እኮ ውሻ እፈራለሁ።"

"ታዲያ ምነው ድመት አልለመንሽ?"

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ቡኬልዋ አልሳቀችም። ልጅ ሳለች እናቷ ያጠበችውን ልብስ ልታደርስ ነጮች ሰፈር ሄዳ፣ አንድ ውሻ ባቷን ዘንጥሎት ነበር። ባለቤቱ "እንግዳ አይወድም" ከማለት በቀር ከደጁ እንኳ አልተነሣም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ያ ፍርሃት ስንት ዓመት ዞሮ ዞሮ ገመድ ሆኖ እጇ ገባ።

ሩስክ ቢጫማ፣ ወፍራም፣ እንቅልፋም ውሻ ናት። እንኳን ልትነክስ፣ ዝንብ እሽ ለማለትም ትሰንፋለች። ቡኬልዋ ይህን በሚገባ ታውቃለች፤ እግሮቿ ግን አልሰሙም። ሳምንቱን ሙሉ እሷ በገመዱ በአንደኛው ጫፍ፣ ሩስክ በሌላው ጫፍ ሆነው ግቢውን ሲዞሩ ልጆቹ በመስኮት ያዩአቸው ነበር።

"ሚስ፣ ማን ነው ማንን የሚመራው?" አለ አንዱ።

"አንተ ሒሳብህን ሥራ" አለች፣ ገመዱን ሳትለቅ።

ዓርብ ዕለት ሚስስ ክሪየል መጥታ ከክፍሉ ኋላ ተቀመጠች። ቡኬልዋ ላብ በላብ ሆና ሩስክን እስከ ሰሌዳው አደረሰቻት። ይኼኔ ነፋስ በሩን ድርግም አደረገው። ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ቡኬልዋም ክው አለች። ሩስክ የሠለጠነችው ወደ ደነገጠ ሰው እንድትሄድ ነውና፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መርጣ ወደ ቡኬልዋ መጣችና ያን ከባድ ሰውነቷን መምህርቷ እግር ላይ ዘርግታ ተኛች።

የቡኬልዋ እጅ ሲንቀጠቀጥ ገመዱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ልጆቹ ከጠረጴዛ ሥር ሆነው ያዩአታል።

"ሚስ፣ ፈሩ እንዴ?" አለች ኢቪዌ፣ ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድማ የምትደበቀው ልጅ።

አልፈራሁም ልትል ነበር። "አትፍሩ፣ ምንም የለም" እያለች ስንት ጊዜ መክራቸዋለች፤ አንድም ቀን ያመናት የለም።

"አዎ። በጣም ፈርቻለሁ።"

ኢቪዌ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። "እጅዎን ልያዝልዎት?"

"ያዢኝ።"

"እኔ ውሻ አልፈራም" አለ ከኋላ ያለ ልጅ፣ ብቅ እያለ። "ወደ ቤት የምሄድበትን መንገድ ነው የምፈራው።"

"እኔ ደግሞ የሞተር ብስክሌት ድምፅ" አለች ሌላዋ።

እየተናገሩ አንድ በአንድ ወጡ። ከተኩሱ ወዲህ ስለ ፍርሃታቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሚስስ ክሪየል ተነሥታ መጣች። "ይቅርታ፣ መምህርት። ደንባችን ውሻዋን የሚይዘው ሰው የተረጋጋ ይሁን ይላል። ገመዱን ይስጡኝ።"

ቡኬልዋ ገመዱን እጇ ላይ አንድ ዙር ጨምራ ጠመጠመችው።

"እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ከጠበቅን እነዚህ ልጆች ጠረጴዛ ሥር ነው የሚያድጉት። እየተንቀጠቀጠ ይይዛታል።"

ሚስስ ክሪየል ጎንበስ ብላ ጠረጴዛዎቹን አየች። ከሥራቸው አንድም ልጅ አልቀረም። ቦርሳዋን አነሣችና "ሰኞ የሩስክን ምግብ አመጣለሁ" ብላ ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

"ሚስ፣ አሁንስ ፍርሃቱ ለቀቀዎት?" አለች ኢቪዌ፣ እጇን እንደያዘች።

"አልለቀቀኝም" አለች ቡኬልዋ። "መጽሐፍሽን አውጪ።"