ያሳየኋቸው ኮረብታ

እትዬ አክበረት ካምፓላ የመጡት ታናሽ ወንድማቸውን ለማየት ነው። እኛ ግን ከተማውን አስጎበኘናቸው። እንዲህ ሲባል ጥሩ የእንግዳ አቀባበል ይመስላል፤ አልነበረም።

ወንድማቸው፣ ጓደኛዬ ቃለጽድቅ፣ ሆስፒታል ከገባ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ጉበቱ ነው። ለእህቱ ግን ጨጓራው ትንሽ ነካክቶታል ብለን ነበር፤ በስልክ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ። ድምፁ ሲጠፋባቸው አላመኑንም መሰለኝ ትኬት ቆርጠው ተነሡ። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ልቀበላቸው ኢንቴቤ አየር ማረፊያ እየሄድኩ ጋሽ ወንድይፍራው ደወሉልኝ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ካምፓላ ውስጥ ሐበሻ ሲታመምም ሆነ ሲሞት እሳቸው ሳይጠየቁ የሚሆን ነገር የለም። ሴትዮዋ ግፊት አለባቸው፣ ከአውሮፕላን ወርደው ቱቦ ተሰክቶበት ቢያዩት እዚያው ይወድቃሉ አሉኝ። ነገ ይላጫል፣ ፊቱ ይታጠባል፣ እኛም ሰብሰብ ብለን ይዘናቸው እንሄዳለን። ዛሬን አንተ እንደምንም አዙራቸው።

እሺ አልኩ። እኛ ክፉ ነገር ለመናገር ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ነጠላ ሳይለበስ አይሆንልንም። መርዶ ሲሆን ደግ ነው። ቃለጽድቅ ግን ያን ቀን ጠዋት በሕይወት ነበር፤ ዓይኑን ገልጦ መጣች ወይ ብሎኛል። በሕይወት ላለ ሰው የመርዶ ሥርዓት አበጀንለት።

እትዬ አክበረትን እንደተቀበልኩ፣ ዛሬ ምርመራ ላይ ስለሆነ ጠያቂ አይገባም አልኳቸው። በመስኮትም ቢሆን ልየው ብለው ለመኑኝ። አይፈቀድም አልኩ። ሦስት ዓመት ካምፓላ ስኖር የማውቀው የካርጎ ቢሮዬንና ሙቱንጎ ያለውን ቤቴን ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ እንግዳን በእግር እያዞረ የሚያስጎበኝ ኪዛ የሚባል ሰው ቀጠርኩ። ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ አስተረጉማለሁ።

ታክሲ ፓርኩን አሳየን፤ ነጫጭ ሚኒባሶች ተጣብቀው መሬት አይታይም። በኦዊኖ ገበያ ልባሽ ጨርቅ መሃል እየተጋፋን አለፍን። እትዬ አክበረት የሚያዩት ነገር አልነበረም። ጠበል የሞላበትን የላስቲክ ጠርሙስ ቦርሳቸው ውስጥ በክንዳቸው ጥብቅ አድርገው፣ በቆምን ቁጥር ሆስፒታሉ ከዚህ ይርቃል ወይ ይሉኛል። ይርቃል እላለሁ። በቦዳ ሞተር አሥር ደቂቃ አይሞላም ነበር። አራተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ተቆጣኋቸው፤ እሳቸው ግን ይቅርታ ጠየቁኝ።

ኦልድ ካምፓላ ኮረብታ ላይ ካለው ትልቁ መስጊድ ደረስን። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ናቸው፣ በር ላይ ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙት ጨርቅ ሰጧቸው። ማማው ከሦስት መቶ በላይ ደረጃ አለው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ከላይ ከተማው በሙሉ ይታያል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ይታያል አለ ኪዛ። ግፊት አለባቸው ተብለው ከወንድማቸው የተከለከሉት ሴትዮ ያንን ሁሉ ደረጃ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡት።

ላይ ስንደርስ ኪዛ ከተማው የተቆረቆረባቸውን ሰባቱን ኮረብቶች መቁጠር ጀመረ፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ካቴድራሉ፣ የነገሥታቱ መቃብር። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ኢዮኤል፣ ልጄ፣ ሆስፒታሉ የቱ ጋ ነው?»

ጣሪያው በግራ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባሳያቸው ይሄማ ቅርብ ነው፣ እንሂድ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ ጭጋግ ውስጥ ያለ አንድ ኮረብታ ጠቆምኩ። ኪዛ አማርኛ ባያውቅም ሆስፒታል የሚለውን ቃል ያውቃል። ጣቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጃንጥላውን መጠቅለል ያዘ።

እትዬ አክበረት ጠርሙሱን ከፍተው በመዳፋቸው ጠበል አፈሰሱ። በስመ አብ ብለው ወደዚያ ኮረብታ ሦስት ጊዜ ረጩ። ረጅም ሰዓት ቆሙ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ትንሽ ቀለለኝ አሉ።

ደረጃውን ወርደን ሳንጨርስ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። «አረፈ» አሉኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ። እንዳትነግራቸው፣ ጠዋት ነው።»

ማነው ብለው እትዬ አክበረት ከበላዬ ጠየቁኝ። ቢሮ ነው አልኩ። ጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረው ነበር፤ ሌላ ምን እንደማደርጋቸው ስላልገባኝ ጨረስነው። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ የንጉሡ ሐይቅ በሰው እጅ የተቆፈረ መሆኑን አስተረጎምኩ።

ጎህ ሲቀድ ሰው እትዬ አክበረት ያደሩበት ቤቴ ሙቱንጎ ተሰበሰበ። ክፍላቸው ስንገባ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ሆስፒታል እስክንወስዳቸው ሲጠብቁ አገኘናቸው። ነጠላችንን አዩ። አልጮሁም።

«መቼ?» አሉ።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ተባሉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ያኔ ማማው ላይ ነበርን አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ ነበር» አሉ ለሰዉ ሁሉ። «ጠበሉን ረጭቼለታለሁ። ልጄ ብቻውን አልሄደም።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ይሄው ሰባት ወር ሆነ። በየበዓሉ ከአዲስ አበባ ይደውሉልኛል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ አውቃለሁ፤ ያለቻቸው መጽናኛ እሷ ብቻ ስለሆነች እዘጋዋለሁ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ሁልጊዜ ይመርቁኛል፤ ያንን ኮረብታ ያሳየኸኝ እጅህ ይባረክ ይሉኛል።

አሜን እላለሁ።