የደሞዝ ቅስት

አገኘሁ በዘይት ፋብሪካው በር ባለፈ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ቀና ካለ የግንበኛውን የደሞዝን ቅስት ሊያይ ነዋ! ቅስት ላለማየት ሲል ሃያ ዓመት ሙሉ መሬት መሬት እያየ ሥራ የገባ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ቢፈለግ ከእሱ በቀር አይገኝም።

ፋብሪካውን በንጉሡ ጊዜ ያሠሩት ነጋዴው ሐጂ ሙሀመድየሱፍ ነበሩ፤ ከይፋግና ከአንበሳሜ የሚመጣውን ኑግ ዓባይ ዳር ሊያስጨምቁ። ግንበኞቹ ሁለት ነበሩ። ደሞዝ በመንገዱ በኩል ያለውን በር ሠራ፤ ከጥርብ ጥቁር ድንጋይ ቅስት አወጣለትና በላዩ የዘበኛ ክፍል ጫነበት። አገኘሁ ደግሞ ግቢውን ከወንዙ የሚጠብቀውን ግንብ ሠራ፤ እግሩን አስፍቶ ወደ ላይ የሚጠብ፣ ዓባይ በታጠፈበት አብሮ የሚታጠፍ ረጅም ግንብ። ስንት ክረምት ሙላት መጥቶ ሲገፋው ንቅንቅ አላለም። ታዲያ ማን አየለት? ከመንገድ የሚታየው ቅስቱ ብቻ ነው። ምርቃቱ ዕለት ሐጂ ጋቢ ያለበሱት ደሞዝን ነው። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት ከቅስቱ ሥር ነው። የአገኘሁ የገዛ ልጅ እናትዓለም እንኳ ስትዳር እዚያው ቆማ ተነሣች። ያን ፎቶ አገኘሁ እስከ ዛሬ በቅጡ አላየውም።

አብዮቱ ሲመጣ ፋብሪካው ተወረሰ። ደሞዝ ጉልበቱ ከዳውና ዓባይ ማዶ ቤቱ ተቀመጠ፤ ከምርቃቱ ጀምሮ እዚያው በጥገና ሲሠራ የኖረው አገኘሁ የጥገና ኃላፊ ሆነ። ቅስቱ ግን እዚያው ነበር፤ እንደ ቆመ፣ እንደ ተመሰገነ።

አንድ ጠዋት ለፋብሪካው የተመደቡት አዳዲስ የጭነት መኪኖች መጡ። የመጀመሪያው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ቁመቱ ከቅስቱ በስንዝር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ኢንጂነር በሩን ወደ ላይ እያየ አዘነለትና፣ ሳይፈርስ የሚሆንበት መላ ይኖር እንደሆነ አገኘሁን ጠየቀው።

መላማ ነበር። በሩ ሥር ያለው መሬት የጥንቱ አልነበረም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው መኪና እየያዘ ሲያስቸግር፣ ኮረት አስደፍቶ ያስደለደለው ራሱ አገኘሁ ነው። ያን ኮረት ዝቆ ማውጣት ይበቃል፤ የአንድ ቀን ሥራ። ነገሩ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብሎ ቅስቱን አየና ዋጠው።

«የለም ጓድ፤ መፍረስ አለበት» አለ።

ሲያፈርስም ለሌላ ሰው አልሰጠም። በእንጨት ደገፈና የዘበኛውን ክፍል አውርዶ የመሀሉን ድንጋይ መታ። ከውስጥ የተሸፈጠ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ጓጉቶ ነበር፤ ፊቱ አምሮ ጀርባው የተረሳ ድንጋይ። አንድም አላገኘም። ማንም የማያየው ጎናቸው ሳይቀር ተስተካክሎ የተጠረበ ነበር። ቅስቱ ሲወርድ ቅናቱም አብሮ የሚወርድለት መስሎት ነበር፤ ይባስ ብሎ አንገበገበው።

በማግሥቱ ደሞዝ በዱላው እየተደገፈ መጣ። አገኘሁ የሚሰነዘርበትን ወቀሳ ጠብቆ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር፤ ትእዛዝ ነው ሊል። ደሞዝ ግን የተቆለለውን ድንጋይ አየት አድርጎ አለፈውና፣ በተከፈተው በር አሻግሮ ወንዙ ዳር የቆመውን ግንብ ሲያይ ቆየ።

«ከዚህ ሁኘ አይቸው አላውቅም» አለ። «እንዴት ያምራል አገኘሁ! ሃያ ዓመት ሙሉ ጋርጀብህ ኖርሁ ማለት ነው።»

አገኘሁ ይህን ቃል ሃያ ዓመት ጠብቆታል። ሲመጣ ግን ከተቆለለው አንዱን ድንጋይ ያገላብጥ ጀመር። ደሞዝ ጎንበስ ብሎ ሠራተኞቹ የቅስቱን መሠረት ሊያወጡ የቆፈሩትን የበሩን እግር በዱላው ነካ ነካ አደረገ። ከኮረቱ ሥር፣ ከስንዝር በላይ ወርዶ፣ የድሮው የበሩ ንጣፍ ድንጋይ ብቅ ብሏል። ግንበኛ ነውና በዓይኑ ለካው።

«ወይ ጉድ፣ ኮረቱን ብናነሣው ኖሮ ይበቃ ነበር እኮ። እርጅና ነው ወንድሜ፤ ሁለታችንም ረሳነው።»

«ረሳነው» አለ አገኘሁ።

ደሞዝ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደ ድልድዩ ሄደ። መኪኖቹ ተከታትለው ገቡ። ግንቡ ከመንገድ ወለል ብሎ ይታያል፤ አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያደንቃል። አገኘሁ ግን በበሩ ሲያልፍ ዛሬም አንገቱን ይደፋል። አሁን የሚቀናው በቅስቱ አይደለም፤ ረስቸው ነው ብሎ በሰላም በሚተኛው በደሞዝ ነው።