የጄሶ ጨረቃ

ማንችስተር ላይ ደመና ወሬ አይሆንም። ዶክተር ሄስተር ፒሊንግ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ግማሽ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ጣሪያ ላይ ቴሌስኮፕ አቅፋ ደመና ስትራገም ነው። የከተማው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎች ለአዲሱ የሥነ ፈለክ ፕሮግራማቸው አስተማሪ አድርገው ሲቀጥሯትና «ጨረቃን በቀጥታ ስርጭት ሳሎናችሁ ድረስ እናመጣለን» ብለው ሲያስነግሩ፣ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ደመና ቢመጣስ?»

«ለሱ አታስቢ፤ መጠባበቂያ አለን» አላት አዘጋጁ ላዮነል ትሬድጎልድ። ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ፈገግታውም እንደ ጫማው የተወለወለ ሰው ነበር።

መጠባበቂያው ስቱዲዮው ጥግ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ የምግብ ጠረጴዛ የሚያህል የጄሶ ጨረቃ። የመድረክ ዕቃ ሠሪዎቹ የቀረጹት ሄስተር ራሷ ካዋሰቻቸው ካርታ እያዩ ነው። በቀጥታ የሚተላለፍ ነገር ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ስክሪኑ ባዶ ከሚሆን ሰማይ ቢደፋ ይሻላል። ሄስተር አንድ ነገር አስማለችው፤ ጄሶው ከታየ፣ ጄሶ መሆኑ ለተመልካች ይነገራል። ላዮነልም ማለላት። መሐላ ለእሱ ቀላል ነበር።

የስርጭቱ ዕለት ጨረቃ ወጣች። ከጣሪያው ቴሌስኮፕ የሚወርደው ምስል ደብዛዛ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤ ግን እውነተኛ ነው። ሄስተር «ይህ ብርሃን ከዚያ የተነሣው አሁን ነው» እያለች ሳለ ደመናው መጣ። ፊት ለፊቷ ያለው ስክሪን ለአፍታ ጨለመና ምስሉ ተመለሰ። ጠርቶ፣ ጸንቶ፣ አምሮ። ተገልብጦም።

ቴሌስኮፕ የሚያሳየውን ይገለብጣል፤ ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሰዎችም ካርታቸውን እንደዚያው፣ ደቡቡን ከላይ አድርገው ይስሉታል። ጣቢያው የቴሌስኮፑን ምስል ሰው ከደጁ ሆኖ እንደሚያየው አቃንቶት ነበር፤ ጄሶውን ለማቃናት ያሰበ ግን አልነበረም። በአገሩ ሁሉ ፊት ጨረቃ በአናቷ ተተከለች። ሄስተር አሁን ስልኩ ይንጫጫል፣ አሁን አንድ ሰው ይጮኻል ብላ ጠበቀች። ላዮነል ከካሜራው ጀርባ ሆኖ እጁን ያሽከረክርባታል፤ ቀጥዪ! ደንግጣ ቀጠለች።

አንድም ሰው አላስተዋለም። ይልቁንስ ምስጋና ጎረፈ። የአንድ ቄስ ሚስት የፈጣሪን ሥራ እንዲህ ቀርቤ አይቼ አላውቅም፣ አለቀስኩ ብላ ጻፈች።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር!» አለችው ሄስተር።

«የኔ እመቤት፣ ሰዉ እኮ አልቅሷል! በጄሶ ማን ያለቅሳል?»

«እነሱ!»

«እንግዲያው ተዪያቸው፣ ያልቅሱ።»

አልተወቻቸውም። በሚቀጥለው ፕሮግራም ካሜራው ገና እንደበራ እንዲህ አለች፦ «ባለፈው ከደመናው በኋላ ያያችኋት ጨረቃ ጄሶ ነበረች። እኔ እዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ፣ ደመና ሲመጣ ደመና ታያላችሁ። አሁን ተነሡና ደጅ ውጡ፤ እውነተኛዋ እዚያ አለች።»

ሰዉ ተቆጣ። ባታለለው በላዮነል ላይ እንዳይመስላችሁ፤ በእሷ ላይ ነው። ደስታቸውን ቀማቻቸዋ! ብዙም ሳይቆይ ወንበሯ ላይ ኮከብን ከአምፖል የማይለይ፣ ድምፁ ግን መረዋ የሆነ ተዋናይ ተቀመጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚል ሰው ቴሌቪዥን አይቶ አያውቅም። ሄስተር አንድ መጽናኛ ይዛ ወጣች፤ ያ ንግግሯ በቴፕ ተቀድቷል፤ ቃሏ ቃል ነው።

ዓመታት አለፉ። ሰዎች ጨረቃን በረገጡ ማግስት ሄስተር ድንች ልትገዛ ወደ ሰፈሯ አትክልት ሻጭ ሄደች። ሻጩ ክላረንስ ኦግደን ገና ከበሩ ሲያያት ፊቱ በራ።

«ዶክተር! መቼም እርስዎን አያሞኙዎትም።»

«በምኑ?»

«በዚህ ዝላይ ነዋ! ጨረቃ ላይ ወጣን አሉ። ጄሶ ነው! የነገሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሰልፉ ሳቀ። «የሷ ጄሶ በስንት ጣዕሙ» አለች ከኋላ የቆመች ባልቴት፤ «ቢያንስ ጥርት ያለ ነበር። የአሁኖቹ እኮ ጥላ ናቸው የሚመስሉት።»

«እኔ የነገርኳችሁ ስለዚያች ብቻ ነው!» ሄስተር ደሟ ፈላ። «ሌላ ጊዜ እውነቱን ስናገር እንድታምኑኝ ብዬ ነው የነገርኳችሁ!»

«ይኸው አመንንዎት» አላት ኦግደን። ሲቀልድ አልነበረም፤ ከልቡ ነው።

ድንቹን ጥላ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደች። ሙሉ ቃሏ ይተላለፍላት፤ «እውነተኛዋ እዚያ አለች» ያለችው ይሰማላት፤ ሌላ ምንም አትፈልግም። የቴፕ ክፍሏ ሴት ቀና እንኳ ሳትል መለሰችላት።

«ተደምስሷል፣ እመቤቴ። ቴፕ እኮ ውድ ነው። የፈረስ እሽቅድምድም ተቀድቶበታል።»

«የትኛው እሽቅድምድም?»

«እሱም ተደምስሷል።»

ኮሪደሩ ላይ ላዮነልን አገኘችው። ሸብቷል፣ አለቃ ሆኗል፣ ጫማው ያው ነው። «ሄስተር! ልደውልልሽ ነበር እኮ። ሐሙስ ክርክር አለን፤ ወጡ ወይስ አልወጡም? አንድ ፕሮፌሰር "ወጡ" ይላል፣ አንቺ ደግሞ ትጠራጠሪያለሽ።»

«እኔ አልጠራጠርም።»

«ማን ጠየቀሽ? ትንሽ ብቻ ተጠራጠሪ። ወንበርሽ ይመለሳል።»

በዚያ ኮሪደር ላይ እምቢ ስትል የተናገረችውን የጣቢያው ሠራተኞች ለረጅም ጊዜ እየተቀባበሉ ሳቁበት። ወንበሩ ግን ባዶ አልዋለም፤ እዚያ ቤት ባዶ የሚባል ነገር የለም።

ሐሙስ ምሽት ሄስተር ቴሌቪዥኗን ስትከፍት ክላረንስ ኦግደን ከረባት አስሮ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፕሮፌሰሩ ቁጥር ሲደረድር፣ ሲንተባተብ ቆየ። ኦግደን ግን ዘና ብሎ ወደ ካሜራው ተጠጋ። «ዶክተር ፒሊንግን ታስታውሷቸዋላችሁ? ትልቅ ሊቅ ናቸው፤ ደንበኛዬ ናቸው። የቴሌቪዥን ጨረቃ ጄሶ መሆኗን በገዛ አንደበታቸው ነግረውናል። እሳቸው ደግሞ ዋሽተው አያውቁም!»

ስቱዲዮው በጭብጨባ ተናጋ።

ሄስተር ተነሥታ ደጅ ወጣች። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነበር።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ኦግደን ያለወትሮው ምርጥ ምርጡን ፖም እየለቀመ ከረጢቷ ውስጥ ጨመረላት። «አዩኝ? እንዴት ነበርኩ፣ ዶክተር?»

«ተገልብጠው ነበር» አለችው። «ማንም አላስተዋለም።»

ኦግደን ሳቀ፤ ከዚያም ምናልባት እውነቷን ይሆናል ብሎ ከትናንት ያላወለቀውን ከረባት ጎንበስ ብሎ አየው።